ጆሮውን እዩት፦ ገብስ በቡቃያነቱ፣ ገብስ በአረምነቱ

(ለጀማሪ የመስክ ባለሙያዎች ካደረግሁት ንግግር የተገለበጠ ነው። ሳል፣ የወንበር መንኳኳትና የራሴን መደናቀፍ ቀንሻለሁ፤ ሌላው እንዳለ ነው።)

ክቡራትና ክቡራን፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ! ከኋላ ያላችሁ ትሰሙኛላችሁ? ጥሩ። በሩ አጠገብ ያላችሁት ወደ መሀል ጠጋ በሉ፤ ኋላ የማሳያችሁ ነገር የጣት ጥፍር አያህልም።

አንድ ጥያቄ ጠይቄ ልጀምር። ገብስን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ። ሁላችሁም! እሺ፣ አውርዱ። አሁን ደግሞ ገብስን ገና አንድ ስንዝር ሳይሞላ፣ ዛላ ሳያወጣ፣ በስንዴ መሀል ቆሞ የምትለዩት? ሦስት እጅ፤ አራት። አንዱ እጅ ግማሽ መንገድ ላይ ቆሟል። እሱ ሐቀኛ ሰው ነው፤ ስንወጣ እጨብጠዋለሁ።

አያችሁ፣ ገብስን የምናውቀው በጢሙ ነው። ጢም ካወጣ በኋላ ደግሞ ማንም ያውቀዋል፤ ባለሙያ አያስፈልገውም። የእኛ ሥራ ግን ከዚያ በፊት ነው። ጢም ካወጣ በኋላ ብታውቁት ምን ትሆናላችሁ? ረፍዷል!

ስለዚህ ዛሬ ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ገብስ በቡቃያነቱ በምን ይታወቃል? ሁለተኛ፣ ዛላው ሲወጣ ምን እናያለን? ይህንን ቶሎ ነው የማልፈው። ሦስተኛ፣ ይህ የተከበረ እህል መቼ ነው አረም የሚባለው? እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ጠብም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ከአንደኛው በፊት አንድ ኀፍረቴን ልንገራችሁ። የሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት ነበር። ለዘር የሚባዛ የስንዴ ማሳ ፈትሽ ተብዬ ተላክሁ። ቡቃያው ጉልበት አልደረሰም። ከዳር እስከ ዳር ዞርኩት። አረንጓዴ፣ እኩል፣ በመቀስ የተከረከመ ነው የሚመስለው። ደስ አለኝ፤ "ንጹሕ ነው" ብዬ ፈረምሁ። ከሳምንታት በኋላ ጠሩኝ። ስደርስ ስንዴው ገና ሆዱን ነፍቷል፤ ከስንዴው በላይ ግን እዚህም እዚያም፣ በየአሥር እርምጃው፣ ጢም! ገብስ ብዙ ጊዜ ከስንዴ ቀድሞ ነው ዛላ የሚያወጣው፤ ያን ቀን ፊርማዬን ከሩቅ እያጋለጠ ቆመ።

አለቃዬ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ነበሩ፤ ጋሼ ነበር የምላቸው። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዝም ብለው ጎንበስ አሉና ዘግይቶ የበቀለ አንድ ለጋ ገብስ ነቀሉ። ቅጠሉን በአውራ ጣታቸው ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ዓይኔ ሥር አቀረቡልኝ። "ጆሮውን አላየህም" አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔም እስከ ዛሬ ሌላ የማስተምረው ነገር የለኝም። ጆሮውን እዩት!

አንደኛው ነጥብ እንግዲህ ይኸው ነው።

ገብስ ሣር ነው። እህል ስለሆነ ሣርነቱን እንረሳዋለን እንጂ ከስንዴ፣ ከአጃ፣ ከሩዝ፣ ከበቆሎ ጋር የሣር ቤተሰብ ነው። የሣር ቅጠል ደግሞ ሁለት ክፍል አለው። የታችኛው ክፍል ግንዱን ይጠቀልላል፤ እንደ ጎራዴ ሰገባ ነው፤ ሰገባ እንበለው። የላይኛው ተዘርግቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ቅጠል ብለን የምናየው ይህንን ነው። ታዲያ የት ነው የምናየው? ሰገባውና ቅጠሉ የሚገናኙበት ቦታ። የተክሉ መታወቂያ እዚያ ላይ ነው የተለጠፈው።

በዚያ መገናኛ ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንዱ ምላስ ነው፦ ከቅጠሉ ሥር ከግንዱ ጋር ተጣብቆ ብቅ የሚል ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቆዳ። የገብስ ምላስ አጭር ነው፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ሁለተኛው ጆሮ ነው፦ ከቅጠሉ ሥር በግራና በቀኝ ወጥተው ግንዱን የሚያቅፉ ሁለት ትናንሽ ጣቶች። ሳይንሱም በላቲን "ትንሽ ጆሮ" ብሎ ነው የጠራቸው፤ ጋሼ ላቲን አያውቁም ነበር፤ ዓይናቸው ግን ደርሶበታል።

የገብስ ጆሮ ምን ይመስላል? ረጅም ነው፣ ነጣ ያለ ነው፣ ፀጉር የለውም። ግንዱን ዞሮ ሁለቱ ጫፎች ይገናኛሉ፤ ተገናኝተውም አይበቃቸው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይደረባል። ብርድ የመታው ሰው እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ሲቆም አይታችሁ የለ? ልክ እንደዚያ።

የስንዴስ? ስንዴም ጆሮ አለው፤ ግን አጠር ያለ ነው፤ ከሁሉም በላይ ፀጉር አለው። በአጉሊ መነጽር ስታዩት ጠርዙ ላይ እንደ ሽፋሽፍት የቆሙ ጥቂት ፀጉሮች አሉ። ፀጉር ካያችሁ ስንዴ፤ ልሙጥ ሆኖ ካቀፈ ገብስ። አጃስ? አጃ ጆሮ የለውም! ጭራሽ የለውም። ምላሱ ግን ረጅም ነው፤ ጫፉም የተቦጫጨቀ ይመስላል። ራይ የሚባለው እህል ጆሮው በጣም ትንሽ ነው፤ ቶሎም ደርቆ ይረግፋል። ይኸው ነው! ስንዴ ፀጉራም፣ ገብስ አቃፊ፣ አጃ ጆሮ ቢስ፣ ራይ እንዳለ የማይቆጠር። ዛሬ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን ይዛችሁ ሂዱ።

"ጆሮ ከሌለው ቅጠሉን እንዴት ልለየው?" የሚል ይኖራል። ቅጠሉን ከላይ ቁልቁል እዩት። የአጃ ቅጠል ሲጠመዘዝ ከሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ በተቃራኒ ይዞራል፤ የገብስና የስንዴ ወደ ሰዓት ቆጣሪው አቅጣጫ። ቆማችሁ ሳትጎነበሱ የምታዩት ነገር ነው፤ ወገባችሁ ሲያማችሁ ታመሰግኑኛላችሁ።

አሁን አስተውሉ። ጆሮ ይዋሻል። አይ፣ ጆሮ አይዋሽም፤ እኛ ነን የማንጠይቀው። የቆየ ቅጠል ላይ ጆሮው ይደርቃል፣ ይሰበራል፣ በነፋስ ይቀደዳል። ለጋ ቡቃያ ላይ ደግሞ ገና አላደገም። ስለዚህ አንድ ተክል አይታችሁ አትፍረዱ፤ አምስት ስድስት ንቀሉ። መሀል ላይ ያለውን ጤነኛ ቅጠል እዩ።

አሁንም ካልረጋችሁ የመጨረሻ ምስክር አለ፤ ከመሬት በታች። ቡቃያው ገና ትንሽ ከሆነ አትንቀሉት፤ ቆፍሩት። በጣት፣ በቢላ፣ በማንኪያ፣ በሆነው ነገር ዙሪያውን አላልታችሁ ከነአፈሩ አውጡት። አፈሩን በውኃ አጥቡት። ሥሩ ላይ የበቀለበት ፍሬ ቅርፊት ተንጠልጥሎ ታገኛላችሁ። የገብስ ከሆነ ሁለቱ ጫፎቹ ሾጠጥ ያሉ፣ የተሸበሸበ፣ ገለባው የተጣበቀበት ነው፤ የስንዴ ከሆነ ራቁቱን ነው፣ ድቡልቡል፣ ሆዱ ላይ ስንጥቅ ያለው። አንድ ወጣት ባልደረባዬ በማሳ ውስጥ ተንበርክኮ ይህን ሲያደርግ ያየ መንገደኛ "ምን ጠፋህ?" ብሎ ጠየቀው። "ምስክር" አለው። ያ ልጅ ዛሬ ከእኔ በላይ ያውቃል። ከመሀላችሁ አለ፤ አልጠራውም።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ዛላው።

ዛላው ከወጣ ነገሩ ቀላል ነው ብያችኋለሁ፤ ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ። የገብስን ዛላ ይዛችሁ ፍሬዎቹን ከአንድ አንጓ ላይ ቁጠሩ። በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ሦስት አበባዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሦስት! ስንዴ ላይ በአንድ አንጓ አንድ ጉብታ ነው፤ በዚያች ጉብታ ውስጥ ነው ብዙ ፍሬ የሚታጨቀው። ገብስ ግን ሦስቱን ደርድሮ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፍሬ ብቻ ይሰጣል። ሦስቱም ካፈሩ፣ ሦስት በዚህ ጎን ሦስት በዚያ ጎን፣ ባለ ስድስት ረድፍ ገብስ ይሆናል። የመሀሉ ብቻ አፍርቶ ሁለቱ ጎረቤቶቹ ከመከኑ ባለ ሁለት ረድፍ ይሆናል። ቀዳሚው ባለ ሁለት ረድፉ ነው። የዱሩ ገብስ ሁለት ረድፍ ነው፤ ስድስቱ በኋላ በባሕርይ ለውጥ የመጣ ነው።

ጢሙንም ንኩት። ከታች ወደ ጫፍ ጣታችሁን ብታሳልፉ ልስልስ ይላል፤ ከጫፍ ወደ ታች ብትመልሱ ይይዛችኋል፤ እንደ መጋዝ። ጥቃቅን እሾሆቹ ሁሉ ወደ ጫፍ ነው የሚያዩት። ይህችን ልብ በሉ፤ እመለስባታለሁ። ጢም የሌለው ገብስም አለ፤ በጢሙ ፋንታ ቆብ የደፋ። ስለዚህ "ጢም ከሌለው ገብስ አይደለም" የሚል ሰው አንድ ቀን ይሸነፋል። የፍሬውም ገለባ በአብዛኛው ከፍሬው ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ሲወቃ የሚላቀቅለት ራቁት ገብስም አለ።

ስለ ፍሬው ካነሳሁ፣ ከመንገድ ወጣ ልበል። በእንግሊዞች የጫማ ልኬት በአንድ ቁጥርና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት የኢንች ሲሶ ነው። ያ ሲሶ ከየት መጣ? ሦስት የገብስ ፍሬ ጫፍ ለጫፍ ሲሰለፉ አንድ ኢንች ይባል ነበር። በዚያ ልኬት ጫማ ያደረገ ሰው እግሩን በገብስ ነው ያስለካው። ተመለስን።

ሦስተኛው። ገብስ አረም ነው?

ጸጥ አላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ስለሆነ ነው። አረም ምንድን ነው? ክፉ ተክል? እንክርዳድ አረም ነው ብትሉኝ እሺ፤ ገብስስ? እኔ የምላችሁ ይህንን ነው፦ ተክሉ አንድ ነው፤ የቆመበት ቦታ ነው የሚለየው። በራሱ ማሳ ላይ እህል ነው፤ በስንዴው ዘር ማሳ ላይ አረም ነው። ጆሮው ግን ያው ጆሮ ነው።

እንዴት ይደርሳል ከዚያ? ቋንቋችን ቆንጆ ስም አለው፦ ወፍ ዘራሽ። ሰው ያልዘራው። እውነቱን ለመናገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ወፏ በነገሩ የለችበትም፤ ዘሪው እኛ ነን። አጨዳ ላይ የወደቀ ዛላ፣ ከማጨጃ መኪና በገለባ መሀል የሚወጣ ፍሬ፣ በዘር ውስጥ የተቀላቀለ። አንድ ጊዜ ጭነት መኪና ላይ የተጫነ ገብስ ጆንያው ተቀዶ ነበር። ማንም አላየም። ዝናቡ ሲመጣ በመንገዱ ዳር ቀጭን አረንጓዴ መስመር በቀለ፤ ኩርባው ላይ መስመሩ ይሰፋል፣ ቀጥ ሲል ይቀጥናል። መኪናው የት ፍሬን እንደያዘ ከገብሱ ትቆጥራላችሁ! በቀጣዩ ዓመት ሄጄ አየሁት። ጥቂት ተክል ብቻ ነበር። በሦስተኛው አንድም የለም።

ለምን ጠፋ? ይህ ነው የገብስ ምስጢር። ገብስ በራሱ መኖር አይችልም። የዱሩ ዘመዱ ሲበስል አንጓ በአንጓ ይሰባበርና ፍሬውን መሬት ላይ ይበትናል፤ ራሱ ይዘራል። ከ23,000 ዓመት በፊት በገሊላ ባሕር ዳር የኖሩ ሰዎች የለቀሙት ያንን የዱር ገብስ ነበር። የዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ፣ ለም ጨረቃ በሚባለው የመካከለኛው ምሥራቅ ምድር፣ ዛላቸው የማይሰባበር ተክሎች ተመርጠው ቀሩ። አጫጅ ምን ይወስዳል? ያልረገፈውን። ያልረገፈውን ይወስዳል፣ ያልረገፈውን ይዘራል፣ እንደገና ያልረገፈውን ያጭዳል። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ዘረ መሎች አሉ፤ ከሁለቱ አንዱ መበላሸቱ በቂ ነው፣ ዛላው አይሰባበርም። የእኛ ገብስ እንግዲህ የዚያ ብልሽት ልጅ ነው። ፍሬው ዛላው ላይ እንደ ተጣበቀ ይጠብቀናል። ካልመጣን? ይበሰብሳል፣ ይበላል፣ ወይም ወድቆ በአንድ ጊዜ ይበቅላል። እንደ ሙጃ አፈር ውስጥ ዓመታት ተደብቆ የመቆየት ብልሃት የለውም።

ስለዚህ ገብስ አረምነቱ አልፎ አልፎ ነው፤ ግን ያ አልፎ አልፎ ሲመጣ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሦስት ጉዳት አለው።

አንደኛው፣ ለማጥፋት ያስቸግራል። ባቄላ ወይም አተር ውስጥ ከሆነ ሣር ብቻ የሚገድል ኬሚካል አለ፤ ይረጫል፤ ያበቃል። ስንዴ ውስጥ ከሆነስ? ሁለቱም ሣር፣ የቅርብ ዘመዳሞች። ሌላውን የሣር አረም ገድሎ ስንዴን የሚምር ብዙ ጊዜ ገብስንም ይምራል። የቀረው እጅ ነው። በእጅ ለመንቀል ደግሞ መለየት ያስፈልጋል፤ ለመለየት ምን ማየት? ምን?

(አዳራሹ፦ "ጆሮ!")

ተባረኩ!

ሌላው በሽታ ነው። ዋግ ሕይወት ያለው ተክል ይፈልጋል፤ በደረቀ ገለባ ላይ አይኖርም። ክሽክሽ የምንለው፣ የተክል ጭማቂ የሚመጠው ትንሽ ተባይም እንደዚያው፤ ገብስን የሚያቀጭጨውንና የሚያቢጨውን ቫይረስ ሰውነቱ ውስጥ ይዞ ይጠብቃል። አጨዳው ካለቀ በኋላ እስከሚቀጥለው ዘር ማሳው ባዶ ቢሆን ይራቡ ነበር። ወፍ ዘራሹ ገብስ ግን ከዚህ ወቅት ወደዚያ ወቅት ድልድይ ይሆናቸዋል። ባለማሳው ምን ይላል? "ጥሩ ሣር በቅሏል፤ ትንሽ ይቆይ።" ያ የሚቆየው ሣር ነው የሚጎዳው። አዲሱ ዘር ከመውጣቱ አስቀድሞ፣ ቢቻል በሳምንታት፣ ይገልበጥ፤ አሮጌው አረንጓዴ ሳይሞት አዲሱ አረንጓዴ አይወለድ።

ሦስተኛው የዘር ንጽሕና ነው፤ የእኔን ፊርማ ታሪክ ሰምታችኋል፤ አልደግመውም።

ለገብስ ደግሞ ፍትሕ ልስጥ፤ ጠበቃ የለውምና። ራሱ አረም የሚያጠፋ ተክል ነው። ፈጥኖ ይበቅላል፣ መሬቱን ቶሎ ይሸፍናል፣ ጥላ ያበዛል። ከዚያም በላይ ቅጠሉ ውስጥ ግራሚን፣ ሥሩ ላይ ሆርዴኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ የሌሎችን ቡቃያዎች እድገት ይገታሉ። አረም እንዳይወጣ ተብሎ በሽፋን ሰብልነት የሚዘራበት ቦታ ብዙ ነው። እና ይህንን ተክል አረም እንበለው? በቦታው አይደለማ!

አሁን ግን እውነተኛውን ጥፋተኛ ላስተዋውቃችሁ፤ ስሙ ገብስ ነው፤ የእኛው ገብስ አይደለም። በዚህ ወገን ውስጥ ሠላሳ ገደማ ዝርያ አለ። አንዱ፣ ሆርዲየም ሙሪነም የሚባለው፣ በግድግዳ ሥር፣ በመንገድ ዳር፣ በተረገጠ መሬት ላይ ይበቅላል። ጠንቀቅ በሉ፤ ይህም ግንዱን የሚያቅፍ ጆሮ አለው! ጆሮ ብቻ ካያችሁ ያታልላችኋል። ስለዚህ ቅጠሉን ዳስሱ፤ የእሱ ፀጉራም ነው፣ የእኛው ገብስ በአብዛኛው ልሙጥ ነው። ዛላው ሲበስል ደግሞ እጃችሁ ላይ ይበታተናል። ሌላው ሆርዲየም ጁባተም ነው፤ ዓመት ከዓመት የሚኖር፣ ዛላው እንደ ቀበሮ ጭራ ለስላሳ፣ ሲያዩት የሚያምር፤ እሱ ጆሮው የለም፣ ካለም ከምንም አይቆጠርም።

ጢሙን ንኩት ያልኋችሁን አልረሳሁም። ልጆች ሳለን የዚህን የመንገድ ዳሩን ዛላ በእጅጌያችን ውስጥ፣ ግንዱን ወደ ላይ አድርገን እንከት ነበር። እጃችንን ስናወዛውዝ ይወጣል። አይመለስም። ብብት ድረስ ይደርሳል፤ እንስቃለን። ውሻ ያሳደግሁ ጊዜ ነው ያ ሳቅ የጠፋኝ። ውሻዬ ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ መዞር ጀመረ፤ ጆሮውን ይቧጥጣል፣ ይጮኻል። ሐኪሙ ረጅም መቆንጠጫ አስገባና አንዲት ደረቅ ፍሬ ከነጢሟ አወጣ። እሾሆቹ ወደ ጫፍ ስለሚያዩ ፍሬዋ ወደ ፊት ብቻ ነው የምትሄደው። በበግ ዓይን፣ በከብት አፍ፣ በውሻ ጣቶች መሀል ሁሉ ያው ነው። መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ርዝመቷ የጣቴን አንድ አንጓ ቢያክል ነው። ውሻዬ እስከ ማታ አኮረፈኝ።

ጊዜዬ አልቋል መሰለኝ፤ ሰዓት የያዘችው እህቴ እያየችኝ ነው። ጠረጴዛው ላይ ስድስት ማሰሮ አለ። ስም አልተጻፈባቸውም፤ ሆን ብዬ ነው። ሁለቱ ገብስ ናቸው፤ ሌሎቹን አልነግራችሁም። አጉሊ መነጽሩ ሦስት ብቻ ስለሆነ ተሰለፉ። ቅጠሉን ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ፤ አትንቀሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቡድን አለኝ። ያ እጁን ግማሽ ድረስ ያወጣው ወንድሜ ይቅደም።